ድሩፓል ሳይታችን ላይ የትኛው ሞጁል እንደሚሠራ፣ የትኛው ዝም ብሎ እንደተቀመጠ እንዴት ልለይ?

ማክዳ_ድረገጽ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። የድረ ገጹን ሥራ የተረከብኩት ከአምስት ወር በፊት ነው። ከእኔ በፊት ሦስት ሰዎች ተፈራርቀውበታል። ርክክቡ የይለፍ ቃል የተጻፈበት አንድ ወረቀት ነበር፣ ሌላ ምንም የለም። ሳይቱ የተሠራው በድሩፓል 10 ነው፣ ድረ ገጽ መሥሪያና ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር። ሞጁል የምንለው በላዩ ላይ የሚጨመር ተጨማሪ ፕሮግራም ነው። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ይሠራል።

አሁን ወደ ድሩፓል 11 እንዲያድግ ተወስኗል። አፕግሬድ ስታተስ የሚባለውን ሞጁል ጭኜ ሪፖርቱን ሳየው ደነገጥኩ። ከውጭ የወረዱ ሞጁሎች የሚቀመጡበት ቦታ 71 ፎልደር አለ። ከነዚህ 14ቱ ለ11 አልደረሱም ይላል። የግማሾቹን ስም ሰምቼው አላውቅም። አንዱ የስላይድ ሾው ሞጁል ነው፣ ሳይታችን ላይ ግን ስላይድ ሾው የለም። ለካርታ የሚሆኑ ሁለት ሞጁሎች አሉ፣ ጂኦፊልድ እና ሊፍሌት። ካርታ ያለበት ገጽ ደግሞ ፈልጌ አንድም አላገኘሁም።

ማንም የማይጠቀምበትን ሞጁል ለማሳደግ ሳምንታት ማባከን አልፈልግም። መጀመሪያ ቤቱን ላጽዳ ብዬ ነው። ግን የትኛው ነው የሚወጣው? የሞጁሎቹን ገጽ ከፍቼ ምልክት የሌለባቸውን ልቆጥር ሞከርኩ። ገጹ ማለቂያ የለውም። 80 ምናምን ላይ ስደርስ ተውኩት። ያለው ፎልደር 71 ሆኖ ሳለ ያልተጫነው ሞጁል እንዴት ከ80 ሊበልጥ ይችላል? እዚህ ላይ ጭራሽ ግራ ገባኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። የሥራ ባልደረባዬ “ያልተጫነ ሞጁል ማንንም አይጎዳም፣ ተይው” አለኝ። እውነት ነው? ልተወው ወይስ ልሰርዘው? ሳይቱን ሰብሬ ሰው ፊት መቆም አልፈልግም። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

ናቲ_ኮድ፦

ሰላም ማክዳ። አጭሩን ልንገርሽ። የጫንሽው አፕግሬድ ስታተስ ራሱ ግማሹን መልስ ይዞልሻል። ሪፖርቱን ደግመሽ እዪው፣ ያልተጫኑትን ፕሮጀክቶች ለብቻቸው ያስቀምጣቸዋል። ለእነሱ የሚሰጠውም ምክር አስወግጃቸው የሚል ነው። የማትጠቀሚበትን ነገር ለማሳደግ ለምን ትደክሚያለሽ ነው ነገሩ።

ድራሽ (ድሩፓልን በትዕዛዝ የምናስተዳድርበት መሣሪያ) ካለሽ ደግሞ የሞጁል ዝርዝር እንዲያወጣልሽ እዘዢው። ከድሩፓል ጋር አብሮ የሚመጣውን የኮሩን ትቶ፣ ያልተጫኑትን ብቻ እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። ከእያንዳንዱ ሞጁል ጎን የፕሮጀክቱን ስምና ያለበትን ፎልደርም ጨምሮ እንዲያወጣ ንገሪው፣ በኋላ ይጠቅምሻል። ገጹን እያንከባለሉ ከመቁጠር ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ግን ባክአፕ። ዳታቤዙንም፣ ፋይሎቹንም።

የጣና_ዳር፦

እህቴ ማክዳ፣ ድሩፓል ላይ የጀመርኩት በድሩፓል 6 ዘመን ነው። የተረከብኩት ሳይት ሁሉ እንዳንቺው ዓይነት ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እናጥራው። ፎልደርና ሞጁል አንድ አይደሉም። ከድሩፓል ዶት ኦርግ የምናወርደው ፕሮጀክት ይባላል። በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ብዙ ሞጁል ሊኖር ይችላል። ዌብፎርምን ውሰጂ። ፎልደሩ አንድ ነው፣ ውስጡ ግን ከዋናው ሌላ ብዙ ትናንሽ ሞጁሎች አሉ። ቅጹን በማውስ የምትሠሪበት ገጽ ራሱን የቻለ ሞጁል ነው። የምሳሌ ቅጾቹም ሌላ ናቸው። አብዛኛው ሰው ሁለት ሦስቱን ይጭናል፣ የቀሩት ያለ ምልክት ይቀመጣሉ። የቆጠርሻቸው 80ዎቹ ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው። እነሱን ከውስጥ እየነቀሉ ማውጣት አይቻልም፣ አስፈላጊም አይደለም። አንቺ የምትፈልጊው ከውስጡ አንድም ሞጁል ያልተጫነበትን ፎልደር ነው።

ለዚሁ ብቻ የተሠራ ሞጁል አለ፣ አንዩዝድ ሞጁልስ ይባላል። ሥራው አንድ ነው። ሙሉ በሙሉ ያልተነካውን ፕሮጀክት በአንድ ዝርዝር ያወጣልሻል፣ ከውስጡ ከፊሉ ብቻ የሚሠራውን ደግሞ ይለይልሻል። ከመጫንሽ በፊት ላንቺ ቨርዥን የሚሆን መኖሩን ገጹ ላይ አረጋግጪ። ዝርዝሩን ከወሰድሽ በኋላ እሱንም አራግፊው፣ ሥራው አልቋል። ናቲ ያለው የድራሽ ዝርዝርም በፕሮጀክት ከደረደርሽው እዚያው ያደርስሻል።

አሁን ወደ ባልደረባሽ ልምጣ። “ያልተጫነ ሞጁል አይጎዳም” የሚለውን እኔም ለዓመታት አምኜው ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 2016 የድሩፓል ደኅንነት ቡድን ስለ ኮደር ሞጁል ማስጠንቀቂያ አወጣ። ኮደር የፕሮግራመር መሣሪያ ነው፣ ኮድ ይፈትሻል። ውስጡ ያለ አንድ ፋይል ከውጭ የመጣ ሰው ሰርቨሩ ላይ የፈለገውን ኮድ እንዲያስኬድ በር ይከፍት ነበር። ከሁሉ የከፋው ሞጁሉ መጫኑ አያስፈልግም ነበር። ፎልደሩ ሰርቨሩ ላይ ካለና በብራውዘር የሚደረስበት ከሆነ በቂ ነው። ያን ቀን ማታ የያዝኳቸውን ሳይቶች አንድ በአንድ ስከፍት ሁለቱ ላይ ኮደር ተቀምጦ አገኘሁት። ማን እንዳስቀመጠው እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ የማልጠቀምበት ፎልደር ላይቭ ሰርቨር (ሰው የሚያየው ሳይት ያለበት) ላይ አያድርም። ስለዚህ ሰርዢው።

አሰራረዙ ግን ቅደም ተከተል አለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል፣ እኔም ወድቄያለሁ። በድሩፓል 7 ጊዜ አንድ ሞጁል ሳላራግፍ ፎልደሩን በኤፍቲፒ ሰረዝኩት። ሳይቱ አልወደቀም፣ ግን እየተንቀረፈፈ መጣ። ድሩፓል ሞጁሉ መጫኑን ዳታቤዙ ውስጥ መዝግቦ ይዟል። ፋይሉን ሲያጣው እየደጋገመ ፎልደሮቹን ያስሳል። ምክንያቱን እስካገኝ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መፍትሔው ያንኑ ሞጁል መልሶ ማውረድ፣ በሥርዓት ማራገፍ፣ ከዚያ መሰረዝ ነበር። ስለዚህ የተጫነ ከሆነ መጀመሪያ ይራገፋል፣ ፋይሉ የሚሰረዘው ከዚያ በኋላ ነው።

ሳይትሽ በኮምፖዘር (ሞጁሎችን በትዕዛዝ የሚያወርድና የሚያስወግድ መሣሪያ) የሚተዳደር ከሆነ ደግሞ ፎልደሩን በእጅሽ አትሰርዢ። ኮምፖዘር በሚቀጥለው ጭነት መልሶ ያመጣዋል። አስወግድ ብለሽ ራሱን ኮምፖዘርን እዘዢው። ካዘዝሽውም በኋላ ፎልደሩ እዚያው ካለ አትደንግጪ፣ ሌላ ሞጁል ይፈልገዋል ማለት ነው። ማን እንደሚፈልገው “ዋይ” በሚለው የኮምፖዘር ትዕዛዝ ይታያል። ቶከን እና ሲቱልስ የሚባሉት ሞጁሎች ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው። ማንም በቀጥታ አይነካቸውም፣ ሌሎች ግን ቆመውባቸዋል።

እስካሁን ያልኩሽ ቀላሉ ነው። ከባዱ የተጫነው ግን ማንም የማይጠቀምበት ሞጁል ነው። እሱን የሚነግርሽ ዝርዝር የለም። የስላይድ ሾውሽ ነገር እዚህ ውስጥ ይመስለኛል።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። የሳይቱን ኮንፊግ (ሴቲንጉን) በሙሉ ወደ ፋይል አወጣለሁ። ብዙ የያምል ፋይል ይወጣል። እያንዳንዱ ፋይል በየትኛው ሞጁል ላይ እንደቆመ ውስጡ ተጽፏል። የሞጁሉን ስም ወስጄ ሁሉም ውስጥ በግሬፕ (ፋይሎች ውስጥ ቃል በሚፈልግ ትዕዛዝ) እፈልገዋለሁ። የተጫኑት ሞጁሎች ከሚመዘገቡበት ፋይልና ከራሱ ሴቲንግ በቀር ሌላ ቦታ ካልተገኘ ተጠርጣሪ ነው። በአንድ ቪው (ጽሑፎችን መርጦ የሚዘረዝር)፣ በአንድ ፊልድ (የጽሑፍ መሙያ ቦታ) ወይም በአንድ ብሎክ (የገጽ ክፍል) ከተገኘ ደግሞ ያንን ገጽ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ። ሪፖርቶች ውስጥ ያለውን የፊልዶች ዝርዝርም አትርሺ፣ የትኛው ፊልድ የት እንደዋለ ያሳይሻል።

ይሄ ብቻውን ግን አይበቃም። ትዊግ ትዊክ የሚባል ሞጁል አለ። ኮንፊግ ውስጥ አንድም ቦታ ላታገኚው ትችያለሽ። የሚጠሩት የገጹን መልክ የሚሠሩት የቴምፕሌት ፋይሎች ናቸው። አይሠራም ብለሽ ብታራግፊው የሚጠራው ገጽ ሁሉ በስህተት ይቆማል። ስለዚህ ፍለጋውን የራሳችሁ ቲም (ቴምፕሌቶቹ ያሉበት የሳይቱ ገጽታ) ውስጥና የራሳችሁ ሞጁሎች ውስጥም ድገሚው። ትዊግ ትዊክን ስትፈልጊ በሞጁሉ ስም አታገኚውም፣ በፈንክሽኖቹ ስም ነው የምታገኚው።

ስታራግፊ በድሩፓል የማራገፊያ ገጽ በኩል አድርጊው፣ አትቸኩዪ። ድሩፓል ከማራገፉ በፊት አብረው የሚጠፉትንና የሚቀየሩትን ኮንፊጎች ይዘረዝርልሻል። ያንን ዝርዝር ሳታነቢ እሺ አትበዪ። አንድ ቪው በዚያ ሞጁል ላይ ከቆመ ሙሉ ቪው አብሮ ሊሄድ ይችላል። መጀመሪያ በኮፒ ላይ፣ ከዚያ ላይቩ ላይ።

ማክዳ_ድረገጽ፦

የጣና ዳር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከድሩፓል 6 ጀምሮ ካሉ አንቱ ልበልዎት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

በኮፒው ላይ ሞክሬዋለሁ። ከ71ዱ ፎልደር 19ኙ ምንም ያልተጫነባቸው ሆነው ተገኙ። ዴቨልም (የፕሮግራመር መሣሪያ ሞጁል) ነበረ፣ ግን እሱ ተጭኖ ነው ያገኘሁት፣ ያውም ላይቩ ላይ። ትዊግ ትዊክ እንዳሉት ኮንፊጉ ውስጥ የለም። ቲሙ ውስጥ ስፈልገው ግን አራት ቴምፕሌት ላይ አገኘሁት፣ አንዱ የመጀመሪያው ገጽ ነው። ባይነግሩኝ ኖሮ አራግፌው ነበር።

አሁን ሁለት ነገር ያዘኝ። ኮፒው ላይ ሞጁሉን አራግፌ፣ ኮምፖዘር እንዲያስወግደው አድርጌ፣ ኮንፊጉን አውጥቼ ሁሉንም በአንድ ኮሚት ወደ መሞከሪያ ሰርቨሩ ላክሁት። ኮንፊግ ኢምፖርት ሲደረግ ስህተት ሰጠና ቆመ። ምን አጠፋሁ?

ሁለተኛው፣ ምልክት የማይተዉ ሞጁሎች አሉ። ሪዳይሬክት (የድሮ ሊንክን ወደ አዲሱ ገጽ የሚያዞር)፣ ስኬጁለር (ጽሑፍ በተቀጠረለት ጊዜ የሚያወጣ)፣ ሃኒፖት (ቅጾችን ከስፓም የሚከላከል)። ገጽ ላይ አይታዩም። ይሠራሉ ወይስ አይሠሩም የሚለውን ከየት ነው የማውቀው?

የጣና_ዳር፦

አንቱታውን ተይው፣ አንተ በዪኝ፣ እዚህ ሁላችንም የሥራ ባልደረቦች ነን።

ያጠፋሽው ነገር የለም፣ ሁለት እርምጃ በአንድ ዙር ስለላክሽ ነው። መሞከሪያው ሰርቨር ላይ ሞጁሉ ገና እንደተጫነ ነው። አዲሱ ኮድ ሲደርስ ፋይሉ ጠፋ። ከዚያ ኮንፊጉ “አራግፈው” ሲለው ድሩፓል የሚያራግፍበት የሞጁሉ ኮድ የለም። የራሱን ቴብሎች የሚሰርዘው፣ የራሱን ቆሻሻ የሚያጸዳው ሞጁሉ ነው። ፋይሉ በሌለበት ይህን ማድረግ አይችልም።

ስለዚህ በሁለት ዙር ላኪው። በመጀመሪያው ዙር የሞጁሉ ፋይል እዚያው ይሁን፣ የተራገፈበት ኮንፊግ ብቻ ይሂድ። ላይቩ ላይ ኢምፖርት ይደረግ፣ ሳይቱ ጤነኛ መሆኑ ይታይ። እኔ ቢያንስ አንድ ሳምንት እጠብቃለሁ። በሁለተኛው ዙር ኮምፖዘር ፋይሉን ያስወግድ። 19ኙ ቀድሞውንም ያልተጫኑ ስለሆኑ ይሄ አይመለከታቸውም፣ እነሱን በአንድ ዙር አስወግጂ። ከዚያ በፊት ግን ላይቩ ላይም ያልተጫኑ መሆናቸውን እዪ። ኮፒሽ ካረጀ ሊለያይ ይችላል።

ዴቨልን ከላይቩ ዛሬውኑ አራግፊ። ቪውስ ዩአይም ላይቩ ላይ ባይኖር ይሻላል። ስታራግፊው የሠራሻቸው ቪውሶች አይጠፉም፣ የሚጠፋው የማስተካከያው ገጽ ብቻ ነው። ኮፒሽ ላይ ግን ዴቨልን ማቆየት ትፈልጊ ይሆናል። ከድሩፓል 8.8 ጀምሮ ሴቲንግስ ፋይሉ ላይ የተወሰኑ ሞጁሎች ከኮንፊጉ ኤክስፖርት እንዲቀሩ ማድረግ ይቻላል። ዴቨል በስህተት ወደ ላይቩ የሚሄደው በኤክስፖርቱ በኩል ነውና ይህን መንገድ ዝጊው።

ሩት_ኮንተንት፦

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም። የድረ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅ ነኝ፣ ሰባት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ማክዳዬ፣ ምልክት የማይተዉት ሞጁሎች እኛ ጋ ምልክት ይተዋሉ። እባክሽ መጥተሽ ጠይቂን።

የደረሰብኝን ልንገርሽ። ቀድሞ እሠራበት የነበረ ቦታ የአዲስ ዓመት መልእክት ሁልጊዜ በስኬጁለር ነበር የምናወጣው። ጳጉሜን ውስጥ አዘጋጅተን፣ አስተርጉመን፣ መስከረም 1 ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንዲወጣ እንቀጥረዋለን። ከዚያ ሁሉም ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። ክረምት ላይ አዲስ የአይቲ ልጅ መጣና ሳይቱን አጸዳ። ስኬጁለርን አየ፣ የተቀጠረ ጽሑፍ የለውም። እውነቱን ነው፣ በሐምሌ ምን ይቀጠራል? አራገፈው። ድሩፓል እንኳ አልከለከለውም። በኋላ እንደገባኝ የተቀጠረ ጽሑፍ ቢኖር ኖሮ ዳታ አለ ብሎ እምቢ ይለው ነበር።

በዋዜማው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጽሑፉን ከፈትኩ። ቀኑን የምሞላበት ቦታ የለም። ልጁ ስልኩን አያነሳም፣ አገሩ ገብቷል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነስቼ፣ ኔትወርክ እየለመንኩ፣ በስልኬ በእጄ አወጣሁት። በሦስት ቋንቋ። እናቴ ቡና አፍልታ እየጠራችኝ ነበር። ያን ጠዋት አልረሳውም።

ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራውን በጥንቃቄ ነው የሠራው። ያልሠራው አንድ ነገር እኛን መጠየቅ ነው። እኛም የሞጁሉን ስም አናውቅም። “ስኬጁለር ትጠቀማላችሁ?” ቢለን ምናልባት አይ እንለው ነበር። “ጽሑፍ ቀን ቀጥራችሁ ታወጣላችሁ?” ብለሽ ጠይቂ። ሪዳይሬክትን ስትጠይቂ “የድሮ ሊንክ ያለበት ብሮሹር አሳትማችኋል?” በዪ። እኛ አሳትመን ነበር። በየወረዳው ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር ላይ ያለው አድራሻ አሮጌው ነው። አዲሱ ገጽ ላይ የሚያደርሰው ሪዳይሬክት ብቻ ነው።

ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አስቢ። የልገሳ ቅጹ በጾም ወቅት ብቻ የሚከፈት ሊሆን ይችላል። የዓመታዊ ሪፖርት ገጹ የሚነካው በዓመት አንዴ ነው።

ናቲ_ኮድ፦

ሩት ያለችው ትክክል ነው። ሪዳይሬክት ላይ አንድ ልጨምር። ውስጡ ሊንኮች ካሉ ድሩፓል አላራግፍም ይላል፣ ከጎኑ ግን ሁሉንም ሰርዝ የሚል ሊንክ ይሰጥሻል። ያንን ሊንክ አትንኪው። ስንት እንዳሉ ቁጠሪ፣ ሰርቨሩ ሎግ ላይ አሁንም በእነሱ የሚመጣ ሰው መኖሩን እዪ። ሃኒፖትን ደግሞ ዝም ብለሽ ተዪው። ከተነሳ በኋላ የመገናኛ ቅጹን የሚሞላውን ስፓም ስታዪ ነው የሚገባሽ።

ማክዳ_ድረገጽ፦

ውጤቱን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

19ኙ ሄደዋል። ከዚያ 9 ሞጁል አራግፌ በሁለት ዙር አስወገድኩ፣ ስላይድ ሾውም ከነሱ ጋር። ቪው ላይ ተሰክቶ ነበር፣ ቪውን የሚያሳይ ገጽ ግን አልነበረም። አሁን 43 ፎልደር ቀርቷል። ለ11 አልደረሱም ከተባሉት 14ቱ ውስጥ የቀሩኝ 5 ናቸው። ለአራቱ አዲስ ቨርዥን አለ። አንዱ ላይ ገና እየታገልኩ ነው።

ሩትዬ፣ እንዳልሽኝ አዘጋጆቹን ቁጭ አድርጌ ጠየቅኋቸው። የሞጁል ስም አልጠራሁም፣ ሥራቸውን ብቻ። ስኬጁለርን ይጠቀሙበታል፣ ለበዓል።

ካርታው ግን አስገረመኝ። ጂኦፊልድን ላራግፍ ስል ድሩፓል እምቢ አለ፣ ይህ ዓይነት ፊልድ ሥራ ላይ ነው ብሎ። የፊልዶቹን ዝርዝር ስከፍት “የውኃ ተቋም” የሚባል የጽሑፍ ዓይነት ላይ ነው። ያንን ዓይነት የሚያሳይ ገጽ የለም፣ ሜኑ ላይ የለም፣ ማንም ሰው ስሙን አያውቀውም። ውስጡ ግን 212 መዝገብ አለ። እያንዳንዱ የአንድ የውኃ ጉድጓድ ስም፣ ቀበሌውና የቆመበት ነጥብ ነው። ከአራት ዓመት በፊት የሄደ ሰው ያስገባው ነው።

ዝርዝሩን አትሜ የመስክ ክፍል ኃላፊያችን ጋ ወሰድኩት። አንጋፋ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን እያገላበጡ ቆዩ። “ይሄን እኮ ጠፍቷል ብለን በዚህ በጋ እንደ አዲስ ልንለካ በጀት ይዘናል” አሉኝ። መዝገቦቹን በሲኤስቪ (በሠንጠረዥ ፋይል) አውጥቼ ሰጥቻቸዋለሁ። ቅዳሜ ከአሽከርካሪው ጋር ሄደው የመጀመሪያዎቹን አሥር ነጥቦች ያረጋግጣሉ።

ጂኦፊልድ እና ሊፍሌት ይቆያሉ። ካርታውንም ልሠራው ነው።